ላባ እንዴት ከባድ ሚዛን ሆነች

ዛሬ ድልድይ ሲያዘነብል ወይም ግድግዳ ሲገፋ ሰው ሁሉ የሚጠራው ስም አንድ ነው። ያን ጊዜ ግን፣ ልጅቷ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላት፣ የክፍል ጓደኞቿ የሚጠሯት «ላባ» እያሉ ነበር። እውነታቸውን ነው። ቁመቷ እንደ ሸንበቆ የተመዘዘ፣ ክንዷ በሁለት ጣት የሚከበብ፣ ነፋስ ሲነሳ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ለጥፋ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ የምትሄድ ልጅ ነበረች። ምን እንዳላት ከሰው ሁሉ ቀድሞ ያወቀው አባቷ ነው፤ እሱም ያወቀው በብልሃት ሳይሆን በሙያው ነው።

አባትየው ሚዛን ሠሪ ነው። ሱቁ ከአንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ደረጃ ሥር ያለች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ክፍል ናት። መደርደሪያው ላይ የሥጋ ቤት ሚዛን፣ የፖስታ ቤት ሚዛን፣ ሐኪም ቤት ሕፃናት የሚመዘኑበት ጎድጓዳ ሚዛን ተራ በተራ ተደርድረው እጁን ይጠብቃሉ። እሱ ይፈታል፣ ያጸዳል፣ የላላ ሞላ ይቀይራል፤ ከዚያ በመፈተኛ ድንጋዮቹ፣ ስማቸው ድንጋይ ይሁን እንጂ ብረት ናቸው፣ ደጋግሞ ይፈትናል። ልኩ ሲመጣ ያሽገዋል። «ትንሽ ወደ እኔ አዘንብልልኝ» የሚል ደንበኛ አይጠፋም። የእሱ መልስ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ጌታዬ፣ እኔ ሚዛን አስተካክላለሁ እንጂ አላሳስትም።» ይህን ሲል ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ አንገቱን ግን ቀና ያደርጋል።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ የመድኃኒት ቤት ሚዛን ከፍቶ ትንፋሹን ውጦ እየሠራ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ከትምህርት ቤት ነበር።

«የላባ... ይቅርታ፣ የልጅዎ ነገር ነው» አለች የዳይሬክተሯ ጸሐፊ። «ወለል ሰብራለች።»

«ምን ሰብራለች?»

«ወለል።»

ሚዛን ሠሪው ስልኩን ከጆሮው አራቀና አየው፤ መልሶ ጆሮው ላይ ለጠፈው። ሴትየዋ አሁንም «ወለል» እያለች ነው።

ትምህርት ቤት ሲደርስ ዳይሬክተሯ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ በኮሪደሩ መሃል ቆማ ጠበቀችው። ጣቷን ወደ ታች ቀሰረች። ከሳይንስ ክፍሉ በር ፊት ለፊት ሴራሚኩ ላይ ሁለት የጫማ ዱካ ተቀምጧል፤ እርጥብ ሲሚንቶ የተረገጠ ይመስል ወደ ውስጥ የገባ፣ ዙሪያውን ሁሉ የተሰነጣጠቀ።

«በምን እንደሰበረችው አልነግር ብላናለች» አለች ዳይሬክተሯ። «መዶሻ ፈልገን አጣን።»

ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ ጫማዋን ታያለች። ከእሷ ራቅ ብሎ አንዲት ትከሻ ሰፊ ልጅ ወገቧን ይዛ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። የእጅ ኳስ ቡድኑ አምበል ናት፤ ፊቷ ላይ ከሕመሙ ይልቅ ግራ መጋባቱ ይበልጣል።

«ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አለ አባትየው።

«ሁልጊዜ ስንሰለፍ ብብቴን ይዛ ታነሳኛለች» አለች ቀና ሳትል። «እንደ መጥረጊያ አንስታ መጨረሻ ላይ ታቆመኛለች። ሁሉም ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፣ ምን አደርጋለሁ። ዛሬ ግን አልንቀሳቀስም አልኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አልተንቀሳቀስኩም።»

አምበሏ ከወንበሯ ጣልቃ ገባች። «ጋሼ፣ ውሸቷን አይደለም። መጀመሪያ ብቻዬን ሞከርኩ፣ ወገቤ ቀጭ አለ። ከዚያ አራት ሆነን ጎተትናት። ሕንፃውን የምንጎትት ነው የመሰለን። በመጨረሻ ወለሉ ጮኸና እኛ ወደቅን።»

ሚዛን ሠሪው በርከክ ብሎ ዱካውን በአውራ ጣቱ ለካ። ዕድሜውን ሙሉ የኖረው ከክብደት ጋር ነውና፣ ይህን ወለል በዚህች እግር ለመስበር ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ልቡ ወዲያው ነገረው። የነገረውን ግን ማመን አልቻለም። «ወለሉን እኔ ራሴ መጥቼ አድሰዋለሁ» ብሎ የልጁን እጅ ያዘና ወጣ።

ሱቅ ሲደርሱ በሩን ዘጋ። የእህል ጆንያ የሚመዘንበትን፣ እስከ ሦስት ኩንታል የሚችለውን ትልቁን ሚዛን ወደ መሃል ጎተተ። ጠዋት ራሱ ፈትኖ ያሸገው ነው።

«ውጪ እስቲ።»

ወጣች። መርፌው ሠላሳ ዘጠኝ ኪሎ ላይ ቆመ።

«አሁን ልጅቷ ብብትሽን እንደያዘችሽ አስቢ።»

ዓይኗን ጨፈነች። መርፌው ነቃ አለ። አርባ አምስት። ስድሳ። ዘጠና። አንድ ኩንታል አለፈ፣ ሁለት አለፈ፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው ተፈትልኮ ማቆሚያውን «ቃጭ» አደረገው። የልጅቷ ጉንጭ አልሞላ፣ ክንዷ አልወፈረ፤ ያችው ሸንበቆ ናት።

«ውረጂ» አለ።

ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ይጮሃል ወይ እግሬ አውጪኝ ይላል። እሱ ግን ያደረገው የለመደውን ነው፤ ሚዛኑን ጠረጠረ። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እየጫነ ፈተነው። ሃያ፣ ልክ ነው። ሃምሳ፣ ልክ ነው። መቶ፣ ልክ ነው። ሦስት ጊዜ ፈተነ፤ ሦስቴም አላሳፈረውም። ከዚያ በርጩማው ላይ ቁጭ ብሎ መነጽሩን ይጠርግ ጀመር።

«አባዬ፣ ሚዛኑ ተበላሽቷል?»

«ሚዛኑ ደህና ነው» አላት። «አንቺም ደህና ነሽ። ሁለታችሁም ደህና ከሆናችሁ እንግዲህ እውነት ነው ማለት ነው።»

ማታ እናትየዋ ከሥራ ገባች። እሷ ጫማ ፋብሪካ ውስጥ ቆዳ ሰፊ ናት፤ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ጩኸት ስለሚውልባት ቤትም ገብታ ጮክ ብላ ነው የምታወራው። ባሏ የሆነውን ሲነግራት ዓይኗን አፍጥጣ ሰማችውና ተነሳችበት።

«ልጄን እንደ ድንች ጆንያ ሚዛን ላይ ታወጣታለህ? ምን ነካህ አንተ ሰው!»

«እማዬ፣ እሱ ምን አጠፋ...»

«ዝም በይ አንቺ! ይኸው በዚህ ቅጥነትሽ ላይ...»

«እማዬ፣ በቃ!» አለች ልጅቷ። ወዲያው የተቀመጠችበት ወንበር አራት እግሩን በአራት አቅጣጫ ዘርግቶ ከሥሯ ተዘረረ። እናትየዋ ወንበሩን አየች፤ ልጇን አየች፤ በመጨረሻ ዓይኗ ልጅቷ እግር ላይ አረፈ። አጎንብሳ አንዱን ጫማ አወለቀችና ሶሉን ገለበጠችው። ከመሃል ለሁለት ተሰንጥቋል።

«ይህ ሶል አይችልሽም» አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ዝግ ብሎ።

በሳምንቱ ከፋብሪካ ትራፊ የሠራችውን ጫማ ይዛ መጣች። ሶሉ ሦስት ድርብ ጎማ ነው፤ በመካከሉ ላሜራ አለው፤ ስፋቱ ሌላ ነው። ልጅቷ ስታየው ዕንባዋ መጣ።

«እማዬ፣ ይህ እኮ መጥበሻ ነው!»

«እግርሽ ወለል ከሚበሳ መጥበሻ ይምሰል። ሰፋ ሲል ክብደቱ ይከፋፈላል። አድርጊው!»

አደረገችው። አሥራ አራት ዓመት ሞልቷት መጥበሻ ተጫምታ ትምህርት ቤት የሄደች ልጅ ምን እንደሚሰማት የሚያውቅ ያውቀዋል።

አባትየው ግን እንቅልፍ የነሳው ሌላ ነገር ነበር። መርፌው ማቆሚያውን ሲመታ ሚዛኑ ነው ያለቀው እንጂ ልጅቷ አላለቀችም። ልኩን የማያውቀው ነገር በቤቱ ውስጥ እየኖረ ሊያርፍ አልቻለም። የዱቄት ፋብሪካው የጭነት መኪና ሚዛን በእሱ እጅ ነው የሚታደሰው፤ እሑድ እሑድ ግቢው ባዶ ስለሚሆን ቁልፉን ይሰጡታል። ወሰዳትና በዚያ ሰፊ መድረክ መሃል አቆማት። ራሱ ቁጥሩ ከሚታይበት የሚዛን ቤቱ መስኮት ጋ ቆመ።

«ቀስ እያልሽ ጨምሪ!» ብሎ ጮኸ።

ቁጥሩ መውጣት ጀመረ። አንድ ቶን። አራት። ሰባት። አሥራ አንድ ላይ ሲደርስ ከመድረኩ ሥር ሲሚንቶው ማቃሰት ጀመረ።

«ተይ! ተይ፣ በቃ!»

ልጅቷ በወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «ገና እኮ ነበርኩ!»

ሳቋ ግን ከግቢው በር አላለፈም። ወደ ቤት ሲመለሱ ፊቷን አጨፍግጋ ሄደች፤ መንገዱ ሲጋመስ ፈነዳች።

«አባዬ፣ እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ከተሰጠ አይቀር ለምን መብረር አልሆነም? ለምን እሳት መትፋት አልሆነም? ሌላው ይበራል፣ እኔ እከብዳለሁ። ሴት ልጅ ሆኜ! ዝናዬ ቢወጣ ምን ሊሉኝ ነው፣ ያቺ ከባዷ?»

ሚዛን ሠሪው ወደ ቤት መሄዱን ትቶ ወደ ሱቁ ታጠፈ። ከመሳቢያው ሥር በቁልፍ የተዘጋ የእንጨት ሣጥን አወጣ፤ እጁን ታጥቦ፣ ነጭ ጓንት አጥልቆ ከፈተው። በሰማያዊ ከፋይ ላይ አንዲት ክብ የነሐስ ድንጋይ ተቀምጣለች። አንድ ኪሎ።

«ይህችን ዓይተሻት አታውቂም» አላት። «በዓመት ሁለቴ ብቻ ነው የማወጣት። እዚህ ቤት ያሉት ድንጋዮች ሁሉ የሚፈተኑት በእሷ ነው። በድንጋዮቹ ደግሞ ሚዛኖቹ ይፈተናሉ፣ በሚዛኖቹ የከተማው ዳቦና መድኃኒት ይመዘናል። አትበር፣ እሳት አትተፋ። ሥራዋ መክበድ ብቻ ነው፤ ልክ መክበድ ያለባትን ያህል መክበድ። ሌላው ሁሉ ሲወዛወዝ የሚጠይቀው እሷን ነው።»

ልጅቷ ጎንበስ ብላ ድንጋይዋን ለረጅም ጊዜ አየቻት።

«እኔ ግን ልኬን አላውቀውም» አለች በመጨረሻ። «ስናደድ ብቻ ይመጣብኛል።»

«እሱን እኔ አስተምርሻለሁ» አላት። «ሥራዬ ምን ሆነና!»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት መልስ ሱቁ ውስጥ ሌላ ትምህርት ተጀመረ። እሱ ቁጥር ይጠራል፤ እሷ ሚዛኑ ላይ ቆማ ቁጥሩን ትፈልጋለች። መጀመሪያ ላይ «ሃምሳ» ሲላት ሁለት መቶ ትሆንበት ነበር፤ ሁለት ሞላ በጠሰችበት፣ አንድ መድረክ አጎበጠችበት። ቀስ በቀስ ግን ነገሩ ከንዴት ጋር እንዳልተጣበቀ ገባት። ንዴት በሩን ያገኘችበት ብቻ ነው። ዋናው «እዚህ ነኝ» ማለት ነበር፤ ከልብ፣ ሳይጮሁ። ይህ ከገባት በኋላ «ዘጠና ሁለት» ሲላት ዘጠና ሁለት ላይ ቁጭ! «ወደ ሰባ ውረጂ» ሲላት ሰባ ላይ ቁጭ! አንድ ቀን ጀርባውን ሰጥቷት ቆሞ «አንድ ኩንታል ከሠላሳ አራት» አለ። ዞር ሲል መርፌው መቶ ሠላሳ አራት ላይ በአፍንጫው ተደፍቷል። ከዚያን ቀን ወዲያ መንገድ ላይ ሲሄድ ደረቱ ነፋ ብሎ የሚያዩት ሰዎች «ሚዛን ሠሪው ምን አግኝቶ ነው?» ይባባሉ ጀመር። እናትየዋ በጥብቅ ስላስጠነቀቀችው አፉን ዘግቷል። የልጅ ወሬ ከቤት ከወጣ አይመለስም ትላለች።

ልጅቷ አሥራ ስድስት ዓመት ሆናት።

አንድ ቅዳሜ እናትየዋ በምትሠራበት ጫማ ፋብሪካ ጣሪያ ላይ የውሃ ታንከር ሊሰቀል ተወሰነ። ታንከሩን የሚያነሳው ክሬን ጭነት የሚያሳየው መለኪያ አለው፤ ሥራ ከመጀመሩ በፊት መለኪያው ትክክል መሆኑን እንዲያይ ሚዛን ሠሪው ተጠራ። ትምህርት ስለሌለ ልጁን አስከትሎ ሄደ። መለኪያውን በታወቀ ክብደት ፈተነው፤ ልክ ነበር። ክሬኑ አራት የብረት እግሮቹን በጣውላ ላይ ዘርግቶ ቆሟል። አዳራሹ ውስጥ ደግሞ ሰባ ሴቶች መኪናቸው ላይ ተቀምጠው ይሰፋሉ።

«ሰዎቹ ለምን አይወጡም?» ሲል ፎርማኑን ጠየቀው።

«የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው ጋሼ» አለው ፎርማኑ ሰዓቱን እያየ። «አዳራሹን ባስወጣ ግማሽ ቀን ይሄድብኛል።»

ታንከሩ ተነሳ። ሁለት ቶን የሚመዝን የብረት በርሜል ነው። የክሬኑ ክንድ እየረዘመ፣ ታንከሩን እያሳለፈ፣ በአዳራሹ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አንጠለጠለው። ያኔ ከመሬት ውስጥ «ድው» የሚል ድምፅ ተሰማ። በፊተኛው ቀኝ እግር ሥር ማንም ያላወቀው የድሮ ቦይ ኖሮ ተደረመሰ። እግሩ ጣውላውን ይዞ አንድ ክንድ ያህል ሰመጠ። ክሬኑ ወደ አዳራሹ አዘነበለ፤ የኋላ እግሮቹ ከመሬት ተነሱ። ከሥራቸው ብርሃን ታየ።

ኦፕሬተሩ ጋቢናው ውስጥ ሁለት እጁን ከመሪው አንስቶ ደርቆ ቀረ። «ብነካው ይወድቃል!» ብሎ ጮኸ። «ባልነካውም ይወድቃል!»

ስድስት የቀን ሠራተኞች ሮጠው ከክሬኑ ኋላ ባለው የሚዛን ብረት ላይ ተንጠለጠሉ። ክሬኑ ከመጤፍ አልቆጠራቸውም። ሚዛን ሠሪው ወደ አዳራሹ በር ሮጦ «ውጡ! ውጡ!» ቢል በሰባ መኪና ጩኸት መሃል ድምፁን ማን ይስማው። «መብራቱን አጥፋው!» ብሎ ፎርማኑን ገፈተረው። ፎርማኑ ወደ ቆጣሪው በረረ።

ሚዛን ሠሪው ዞር ሲል ልጁ ከፊቱ ቆማለች። ፊቷ አመድ መስሏል፣ ዓይኗ ግን አይርገበገብም።

«አባዬ፣ ስንት?»

ይህን ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ ሰዎች ሲጠይቁት ኖረዋል። እንደዚያን ቀን ግን ከብዶት አያውቅም። አባት ነውና «ሽሺ!» ሊላት ፈለገ። ሙያው ደግሞ በዚያው ቅጽበት የክንዱን ርዝመት፣ የታንከሩን ክብደት፣ የኋላውን ብረት ርቀት አስልቶ ጨረሰ። ልጁን ዓይን ዓይኗን አያት፤ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ቁጥር ዋሽታው አታውቅም።

«ሦስት ቶን» አላት። «በአንዴ ግን አይሆንም! በአንዴ ከጫንሽበት ታንከሩ ይወዛወዛል። የኋላው መሬትም አይታመንም። ቁጥሩን እኔ እጠራልሻለሁ።»

«እሺ።»

ሠራተኞቹን «ውረዱ!» እያለ አስወረዳቸው። እሷ በብረቱ ላይ ተንጠላጥላ ወጣችና ከጫፉ እግሯን አንፈራጣ ተቀመጠች። እሱ ከመሣሪያ ሣጥኑ ውሃ ልኩን አውጥቶ በክሬኑ ወገብ ላይ አስቀመጠው። በመስታወቱ ውስጥ ያለችው አረፋ ከጥግ ተለጥፋለች።

«አምስት ኩንታል!»

«አምስት» አለች ልጅቷ።

«አሥር!»

«አሥር።»

ብረቱ አንድ ጊዜ አቃሰተ። አረፋዋ ከጥግ ተላቀቀች። የአዳራሹ መብራት ጠፋ፤ የሰባ መኪና ጩኸት በአንድ ጊዜ ቀጥ አለ። ሴቶቹ እየተጋፉ ወጡ፤ ከራሳቸው በላይ የተንጠለጠለውን አይተው በግቢው አጥር ሥር ተሰበሰቡ። እናትየዋ ከመካከላቸው ነበረች። መጀመሪያ ባሏን አየች፤ ቀጥሎ የክሬኑ ጭራ ላይ የተቀመጠችውን አየች። ጎኗ ያለችው ጓደኛዋ ልትጮህ አፏን ስትከፍት በመዳፏ ከደነችባት።

«ዝም በይ!» አለቻት። «እየቆጠረች ነው።»

«ሃያ!»

«ሃያ።»

«ሃያ አምስት! ቀስ!»

«ሃያ... አምስት።» ላቧ ከአገጯ ይንጠባጠባል። የኋላ እግሮቹ ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ አሉና ጣውላቸውን ነኩ። አረፋዋ መሃል ልትገባ ጥቂት ቀራት።

«ሠላሳ!»

«ሠላሳ። እዚህ ነኝ አባዬ።»

አረፋዋ መሃል ገብታ ቆመች። ሚዛን ሠሪው ወደ ጋቢናው አንጋጠጠ። «አሁን ሰብስበው ወንድሜ! ክንዱን ሰብስበው፣ ይዛልሃለች!»

ኦፕሬተሩ ወደ ኋላ ዞሮ ማን እንደያዘለት ሲያይ አንዲት ቀጭን ልጅ ብቻ ናት። ምን እንዳሰበ አይታወቅም፤ እጁ ግን ታዘዘ። ክንዱ እያጠረ ታንከሩን ከጣሪያው ላይ መለሰው። መሃል መንገድ ላይ የሰመጠው እግር አንዴ ደግሞ ሸርተት ሲል ክሬኑ በሙሉ ተንቀጠቀጠ፤ ሴቶቹ እህ ብለው ትንፋሻቸውን ዋጡ። ሚዛን ሠሪው ቁጥር ለመጥራት አፉን እስኪከፍት ልጅቷ ቀድማው ነበር።

«ሠላሳ አራት» አለች በራሷ ጊዜ። አረፋዋ ሄዳ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ቁጥሩን የጠራችው እሷ ናት። ታንከሩ እየቀረበ ሲመጣ ሃያ፣ አሥራ አምስት፣ ስምንት እያለች ራሷ ቀነሰች፤ እሱ ውሃ ልኩን እያየ ራሱን ብቻ ነቀነቀ። ታንከሩ ግቢው መሃል አፈር ላይ ሲያርፍ «ዱብ» አለ፤ ሰባዎቹም ሴቶች፣ ሠራተኛውም ፎርማኑም፣ ባሉበት ቁጭ ቁጭ አሉ።

ኦፕሬተሩ ከጋቢናው ወርዶ ወደ ልጅቷ መጣ። «ሃያ ዓመት ክሬን ላይ ኖሬአለሁ» አለ። «ስንት ዓይነት የሚዛን ብረት ጭኜ አይቻለሁ። እንዳንቺ ያለ ከባድ ሚዛን ግን... ከባድ ሚዛን ነሽ እናቴ!»

«ከባድ ሚዛን!» አለች አንዷ ቆዳ ሰፊ ከአጥሩ ሥር እያለቀሰች። ሌላዋ ተቀበለቻት። ሰባ ሴት አንድ ስም ሲጠራ ግቢው ጠበበ። ልጅቷ ከብረቱ ላይ ሆና ጆሮዋን ያመነች አትመስልም ነበር፤ ከዚያ ትከሻዋን ቀና አደረገች። በዚያች ቅጽበት አባቷ ሲያያት ቁመቷ ምን ያህል እንደ ረዘመ ገና ልብ አለ።

ፎርማኑ አንገቱን ደፍቶ ተጠጋው። «ጋሼ፣ ልጅህ ናት?»

«አዎ» አለ ሚዛን ሠሪው። ከዚያ የሁለት ዓመት ዝምታው አንድ ላይ መጣበትና ድምፁ ተሰበረ። «ልኳን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ክብደቷ ግን የራሷ ነው።»

በሳምንቱ የእሳት አደጋ መከላከያው አዛዥ፣ ሸበቶ ጺም ያለው ሰውዬ፣ ጠባቧ ሱቅ ድረስ መጣ። ቆቡን አውልቆ ልጅቷ በአደጋ ጊዜ እንድታግዛቸው የአባትየውን ፈቃድ ጠየቀ። «እኔን ምን ይጠይቁኛል፣ ይቺትና» አለው። ልጅቷ የቤት ሥራዋን ከምትሠራበት ቀና አለች።

«እመጣለሁ» አለች። «ግን በትምህርት ሰዓት ከሆነ የሒሳብ አስተማሪዬን እርስዎ ያናግሩልኛል። እኔ እፈራዋለሁ።»

ፋብሪካው ውስጥ ደግሞ ሴቶቹ ከቆዳ ትራፊ አንድ ጃኬት ቆረጡ፤ ጥቁር ቀይ፣ ትከሻው ድርብ። ማን ይስፋው በሚለው ሊጣሉ ደረሱ፤ በመጨረሻ ሰባዎቹም አንድ አንድ መስመር እንዲሰፉበት ተስማሙ። አንገቱን የሰፋችው እናትየዋ ናት። «ሰፋ አድርጉት» አለቻቸው፣ «ገና ታድጋለች።»

ዝናብ በበዛበት ሰሞን፣ ረፋድ ላይ፣ ወንዙ ሞልቶ የብረቱን ድልድይ አንድ ጫፍ ከመቀመጫው ነቀነቀው። መሃሉ ላይ አውቶቡስ ከነሰዎቹ ቆሟል። ሚዛን ሠሪው ወሬውን ሲሰማ ሱቁን ዘግቶ ሮጠ። ሲደርስ ዳር ዳሩን ሕዝብ ሞልቶት ነበር። ከሰው ትከሻ በላይ ተንጠራርቶ ሲያይ ጥቁር ቀዩ ጃኬት በተነቀነቀው የድልድዩ ጫፍ ላይ ተተክሏል። ውሃው ብረቱን እየደበደበ ያጓራል፤ ድልድዩ ግን ንቅንቅ አይልም። አውቶቡሱ ቀስ እያለ ተሻገረ። ሹፌሩ በአጠገቧ ሲያልፍ እጁን በመስኮት አውጥቶ ሰላምታ ሰጣት።

ጎኑ የቆመ አንድ ዣንጥላ የያዘ ሽማግሌ በክርኑ ጎሰም አደረገው። «አወቅካት? ከባድ ሚዛን ናት! አባቷ ግዙፍ አንጥረኛ ነው አሉ፤ መዶሻው ብቻውን ሁለት ኩንታል ይመዝናል። በሕፃንነቷ ብረት እያበላ ነው ያሳደጋት።»

ሚዛን ሠሪው የረጠበ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። ሊያርመው ይችል ነበር። ሐሰተኛ ልክ በሕይወቱ አሳልፎ አያውቅም። ያን ዕለት ግን ተወው።

«እንዲህ ነው እንዴ?» አለ ወደ ሽማግሌው ጠጋ ብሎ ዣንጥላው ሥር እየገባ። «እስቲ አባቴ፣ ከመጀመሪያው ጀምረው ይንገሩኝ።»